ኢሙሌተሩ «ሲስተም ፋይል ይጎድላል» ሲላችሁ አፑን ከማጥፋታችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ከኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ያለ ልጅ በር አንኳኳ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ እጁ ላይ ያቺ ሁለት ሚሞሪ ካርድ የምትበላ ትንሿ የቻይና ጌም መጫወቻ ናት፣ «ጋሼ ይቺ ነገር ተበላሸች መሰለኝ፣ ባዮስ የለኝም ትላለች» ይለኛል። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልክ ፍላሽ ማድረግ የሚችል ሰውዬ ተብዬ ከታወቅኩ ጀምሮ የማይመጣልኝ ነገር የለም፣ ሪሲቨር ይመጣል፣ የማይሰራ ቻርጀር ይመጣል፣ ትምህርት ሲዘጋ ደሞ ኢሙሌተር (የኮንሶል ጌም ስልክ ወይ ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውተው አፕ) ነው የሚበዛው። በዛው ሳምንት ሁለት ሰው በቴሌግራም ስክሪንሹት ልኮልኛል፣ አንዱ የዲኤስ ሌላኛው የስሪዲኤስ (ሁለቱም የኔንቲንዶ የእጅ ኮንሶሎች ናቸው)፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፣ ፋይል ይጎድላል ይለኛል ምን ላርግ። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ ልመና፦ አፑን አታጥፉት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው፣ ያጠፋል፣ እንደገና ያወርዳል፣ ፓኬጁን ይጨርሳል፣ ሲከፍተው ያው ኤረር። የጎደለው ፋይል ድሮም አፑ ውስጥ አልነበረም እኮ፣ መቶ ጊዜ ብትጭኑት ይዞት አይመጣም። ጭራሽ አንዳንዱ አፕ ሲጠፋ ሴቭ ያረጋችሁትን ጌም ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚሄደው፣ ስንት ሳምንት የለፋችሁበት ይጠፋና ኤረሩ እዛው ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ጽሁፉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቀልዴን አይደለም። ብዙዎቹ ኢሙሌተሮች የሚፈልጉትን ፋይል ስሙን ጠርተው ነው የሚነግሯችሁ፣ ችግሩ ጽሁፉ ስክሪኑ ታች ላይ ሦስት ሰከንድ ታይቶ ይጠፋል፣ እኛ ደሞ «ኖ» እና «ባዮስ» የምትለዋን ብቻ ይዘን እንሮጣለን። ጌሙን እንደገና ክፈቱትና ጽሁፉ ብቅ ሲል ስክሪንሹት አንሱ፣ ስክሪንሹት የማያነሳ ከሆነ በሌላ ስልክ ቪድዮ ቅረጹት። ከዛ ቁጭ ብላችሁ ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ የፋይሉ ሙሉ ስም፣ የግድ ነው የሚለው ወይስ ቢኖር ይሻላል ነው የሚለው፣ እና የት ፎልደር ውስጥ እንደፈለገው።

(የፋይል ስሞቹን እዚህ የምጽፋቸው በኛ ፊደል ነው፣ እናንተ ስልካችሁ ወይ ኮምፒውተራችሁ ላይ ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኢሙሌተሩ በጠራው ልክ፣ አንዲት ሰረዝ ሳትጨምሩ።)

ለመሆኑ ይሄ ፋይል ምንድነው

ብዙው ኮንሶል ሲሰራ ውስጡ ቺፕ ላይ የተጻፈች ትንሽ ፕሮግራም አለችው፣ ባዮስ የሚሏት እሷን ነው። ስታበሩት አርማውን የምታሳየው እሷ ናት፣ ግን ስራዋ እዛ ላይ አያበቃም። የጌምቦይ አድቫንስን ብትወስዱ ጌሞቹ ራሳቸው መሀል ላይ እየጠሯት ያሰሯታል፣ ይቺን ቁጥር አካፍይልኝ፣ ይሄን የታመቀ ስዕል ፍቺልኝ፣ ስክሪኑ እስኪታደስ አስተኚኝ እያሉ። ስለዚህ ኢሙሌተር የሚሰራ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፣ ወይ የዋናውን ኮፒ አምጡ ይላል፣ ወይ ራሱ ቁጭ ብሎ ያንኑ ስራ የምትሰራ ምትክ ይጽፋል። «የኔ ሳይጠይቀኝ የጓደኛዬ ለምን ይጠይቀዋል» ለምትሉት መልሱ ይሄው ነው፣ ጌሙ አንድ ሆኖ ኢሙሌተራችሁ ይለያያል።

ፈርምዌር የሚባለው ደሞ ከሷ ከፍ ይላል፣ የኮንሶሉ ሜኑ፣ ሴቲንግ፣ ቋንቋ፣ የባለቤቱ ስም ምናምን ያለበት ነው። አዳዲስ ኮንሶሎች ላይ እየሰፋ ሄዶ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሆኗል፣ ለዚህ ነው የጌምቦይ ባዮስ 256 ባይት ብቻ ሆኖ (ሁለት ኤስኤምኤስ እንኳን አይሞላም) የሶኒው ቪታ ፈርምዌር ግን ከ100 ሜጋባይት በላይ የሚሆነው።

የቱ ይፈልጋል የቱ አይፈልግም

ከማይፈልገው ልጀምር። የሶኒው ፒኤስፒ። ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባለው ኢሙሌተር ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፣ የባዮስ ፋይል አይፈልግም፣ ፈልጎም አያውቅም። «የፒኤስፒ ባዮስ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ወይ የሚልክላችሁ ሰው ካለ ሌላ ነገር ነው የሚሰጣችሁ። አንድ ጉድ ግን አለ፣ ፒፒኤስኤስፒፒን ለብቻው ሳይሆን በሬትሮአርች (ብዙ ኢሙሌተር «ኮር» እያለ በአንድ የያዘ አፕ ነው) ውስጥ የምትጠቀሙት ከሆነ የጽሁፍ ቅርጽና አንዳንድ ስዕል የያዘ «ፒፒኤስኤስፒፒ» የሚባል ፎልደር ሲስተም ፎልደሩ ውስጥ ይፈልጋል፣ ከሌለ ጌሙ ይከፈትና ጽሁፉ ይጠፋል፣ ወይም ዚም የሚል ፋይል የለም ይላችኋል። መድሃኒቱ እዛው ሬትሮአርች ውስጥ አለ፣ ኦንላይን አፕዴተር ውስጥ ገብታችሁ ኮር ሲስተም ፋይልስ ዳውንሎደር የሚለውን፣ ከዛ ፒፒኤስኤስፒፒ የሚለውን መንካት ብቻ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለፒኤስፒ ለብቻው ያለውን አፕ ተጠቀሙ፣ ጣጣ የለውም።

ጌምቦይ አድቫንስም እንደዛው ነው ማለት ይቻላል። ኤምጂቢኤ የሚባለው ኢሙሌተር የራሱን ምትክ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጂቢኤ_ባዮስ.ቢን ካገኘ ይጠቀምበታል፣ ካላገኘ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ሬትሮአርች ላይ «ሚሲንግ፣ ኦፕሽናል» ብሎ ሲጽፍባችሁ አትደንግጡ፣ ኦፕሽናል ማለት ቢኖር ጥሩ ነው ባይኖርም እንኖራለን ማለት ነው። የምታጡት የመጀመሪያዋን አርማና ድምጽ ነው፣ ከዛ ውጪ አልፎ አልፎ አንድ ግትር ጌም።

ዲኤስ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ዲኤስ ሁለት ፕሮሰሰር ነው ያለው፣ አርም7 እና አርም9፣ ሁለቱም የየራሳቸው ባዮስ አላቸው፣ ባዮስ7.ቢን እና ባዮስ9.ቢን የሚባሉት ለዛ ነው እንጂ ሰባተኛና ዘጠነኛ ቨርዥን ማለት አይደለም (አንዱ ጓደኛዬ «ባዮስ8ን አጣሁት» ብሎ ሙሉ ቀን ሲፈልግ ውሏል)። ሦስተኛው ፈርምዌር.ቢን ነው። ሜሎንዲኤስ የሚባለው የዲኤስ ኢሙሌተር የቆዩ ቨርዥኖቹ ሦስቱ ካልተሟሉ ጌም አይከፍቱም፣ አዳዲሶቹ ግን ነጻ የሆነ የራሳቸው ምትክ ስላላቸው ያለ ፋይል ይሰራሉ። ስለዚህ ዲኤስ ላይ ይሄ ኤረር ከመጣባችሁ ፋይል ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት አፑን አፕዴት አርጉት፣ ሴቲንግ ውስጥም «የውጪ ባዮስ ተጠቀም» የምትል ምልክት በርታ ከሆነ አጥፏት፣ ብዙ ጊዜ እዛው ላይ ያልቃል። ዴስሙሜ የሚባለው ሌላው የዲኤስ ኢሙሌተርም ያለ ባዮስ ይሰራል። የዲኤስአይ (ከዲኤስ በኋላ የወጣው ሞዴል) ሞድ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ የራሱ ሁለት ባዮስ፣ የራሱ ፈርምዌርና የኮንሶሉን የውስጥ ሜሞሪ ሙሉ ኮፒ ይፈልጋል፣ ምትክ የለውም፣ ለሱ ብቻ የሚሰራ ጌም ከሌላችሁ አትንኩት።

ስሪዲኤስ፣ «ሲስተም አርካይቭ ኖት ፋውንድ» የሚለው። ሲትራ የሚባለው የስሪዲኤስ ኢሙሌተር ላይ የምታዩት ነው። አርካይቭ የሚለው የጽሁፍ ፎንት፣ የአገሮች ዝርዝር፣ ሚ የሚባሉት ገጸ ባህሪያት ዳታ፣ የተከለከሉ ስድቦች ዝርዝር ሳይቀር ያለበት የኮንሶሉ የጋራ ፋይል ነው፣ ለአብዛኛው ኢሙሌተሩ ምትክ አለው። መልእክቱ ራሱ «ከቀጠልክ ሊዘጋብህ ይችላል» ነው የሚለው እንጂ አልሰራም አይልም፣ ኮንቲንዩ የምትለውን ንኩና ሞክሩት፣ ብዙ ጌም ምንም ሳይሆን ያልፋል። ከሲትራ ጋር ግን አትቆዩ፣ መጋቢት 2024 በፈረንጆቹ ተዘግቷል፣ ዩዙ የሚባለው የስዊች ኢሙሌተር ከኔንቲንዶ ጋር በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ሲታረቅ አብሮ ነው የሄደው፣ አሁን የሚሰራበት አዛሃር የሚባለው ነው፣ 2025 ላይ የወጣ። ወደሱ ስትዞሩ ጌማችሁ የተቆለፈ ከሆነ አይቀበለውም፣ ያ ደሞ የሲስተም ፋይል ችግር ሳይሆን የጌሙ ፋይል ጉዳይ ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

ቪታ የግድ ይፈልጋል፣ ቪታ3ኬ የሚባለው ኢሙሌተሩ ሲከፈት ገና በመጀመሪያው ፈርምዌሩን ይጠይቃል፣ ከዛ የፎንት ፓኬጅ የሚባል ሁለተኛ ፋይል አለ፣ ሰው የመጀመሪያውን ጭኖ ሁለተኛውን ይረሳውና ጽሁፍ የሌለው ጌም ይዞ ይመጣል። ደስ የሚለው ግን የቪታን ፈርምዌር ሶኒ ራሱ በነጻ ነው የሚያወርድላችሁ፣ ከሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ለክብሩ አታሪ ሊንክስንም ልጥቀሰው፣ 1989 የወጣ ሃንድሄልድ ነው፣ 512 ባይት የምትሆን ፋይል ትጎድለዋለች። ሰፈራችን ውስጥ እሱን የሚጫወት እስካሁን አላገኘሁም።

ፋይሉ አለ፣ ግን የለም ይላል

እዚህ ላይ ነው ጊዜዬን የሚበላው። ከሚመጡልኝ ሰዎች ውስጥ በእውነት ፋይሉ የሌላቸው ጥቂት ናቸው፣ አብዛኛው ፋይሉን ይዞ ነው የሚመጣው፣ «ይኸው አስገብቼዋለሁ እኮ» እያለ።

ስሙን እዩ። ቴሌግራም ላይ ሁለቴ ያወረዳችሁት ፋይል መጨረሻው ላይ በቅንፍ 1 ይጨመርበታል፣ ለእናንተ ያው ነው ለኢሙሌተሩ ግን ሌላ ፋይል ነው። ስልክ ላይ ስም ስትቀይሩ ኪቦርዱ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ ያደርጋታል፣ ወይም ቃሉን ራሱ ሲጨርስላችሁ ከኋላው ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ያቺ ክፍት ቦታ በአይን አትታይም፣ አንዴ ሰላሳ ደቂቃ ያስለቀሰችኝ ናት። ዊንዶውስ ደሞ የሚያውቃቸውን ኤክስቴንሽኖች ይደብቃል፣ ለምሳሌ የሲትራውን የቁልፍ ፋይል ኤኢኤስ_ኪይስ.ቲኤክስቲ ብላችሁ ኖትፓድ ላይ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ከኋላ ሌላ ቲኤክስቲ ይጨምርበታል፣ እናንተ የምታዩት አንዱን ብቻ ነው። ፎልደሩ ላይ ቪው ውስጥ ገብታችሁ የፋይል ኤክስቴንሽን አሳይ የሚለውን አብሩት፣ ለሁልጊዜም አብርታችሁ ተዉት። ሌላ የኛ ሰፈር ጉዳይ፣ ፎልደሩን «ጌሞች» ብላችሁ በአማርኛ ከሰየማችሁት አንዳንድ የቆዩ የዊንዶውስ ኢሙሌተሮች መንገዱን ማንበብ ያቅታቸዋል፣ ፋይሉ እዛው እያለ የለም ይላሉ። ቋንቋችንን ብወድም ፎልደር ስም ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን።

መጠኑን እዩ። ይሄን ማንም አያየውም፣ ለኔ ግን ዋናው ምርመራ ነው። ፋይሉን ጫን ብላችሁ ይዛችሁ ዲቴይልስ፣ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ራይት ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዛ ሳይዝ የሚለውን (ሳይዝ ኦን ዲስክ የሚለውን አይደለም) አንብቡ። የጌምቦይ አድቫንሱ ባዮስ በትክክል 16,384 ባይት ነው። ባዮስ7ም 16,384 ነው። ባዮስ9 ደሞ 4,096። የዲኤሱ ፈርምዌር አብዛኛውን ጊዜ 262,144 ነው። ባዮሶቹ ላይ አንዲት ባይት ካነሰ ወይ ከበለጠ አይሆንም። ዜሮ ባይት ከሆነ ኮፒ ሲደረግ ተቋርጧል፣ መብራት ሄዶ ይሆናል፣ ሚሞሪው ኢጀክት ሳይደረግ ተነቅሎ ይሆናል። ሰላሳና አርባ ሺህ የሆነ ግራ የሚያጋባ ቁጥር ከሆነ በኖትፓድ ክፈቱት፣ እንግሊዝኛ ጽሁፍ ከታያችሁ ያወረዳችሁት ፋይሉን ሳይሆን የዳውንሎድ ገጹን ራሱን ነው። የዲኤሱ ፈርምዌር 131,072 ከሆነ ደሞ ከዲኤስአይ ወይ ከስሪዲኤስ ላይ የተቀዳ ነው፣ ውስጡ ሴቲንግ ብቻ ነው ያለው፣ ሜኑው የለም፣ ስለዚህ ጌሙን በቀጥታ ክፈት ካላችሁት ይሰራል፣ በሜኑ በኩል ልግባ ካላችሁ ግን ጥቁር ስክሪን።

መጠኑ ልክ ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ የፋይሉን ኤምዲ5 (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር ነው) በሃሽ አፕ አውጡት፣ የጌምቦይ አድቫንሱ በኤ860ኢ8ሲ0 ነው የሚጀምረው። ከዲኤስ ላይ የተቀዳው የጌምቦይ አድቫንስ ባዮስ በአንዲት ባይት ስለሚለይ ቁጥሩ አይገጥምም፣ እሱ ችግር የለውም።

ዚፕ ውስጥ ያለ ፋይልም የለም ነው የሚባለው። ኤክስትራክት አርጉት፣ ስታወጡት ደሞ ፎልደር ውስጥ ፎልደር እየሰራ ያስገባዋል፣ ሲስተም ውስጥ ባዮስ፣ ባዮስ ውስጥ ሌላ ባዮስ፣ ፋይሉ ሦስተኛው ቤት ተቀምጦ ኢሙሌተሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። አውጥታችሁ ፎልደሩ ላይ በቀጥታ አስቀምጡት። (የአርኬድ ጌሞች ተቃራኒ ናቸው፣ የነሱን ዚፕ አትፍቱት።)

አንድሮይድ ላይ

ከአንድሮይድ 11 ወዲህ አንድሮይድ ውስጥ ያለው ዳታ የሚባለው ፎልደር ለተራ ፋይል ማናጀር ተዘግቷል፣ ሬትሮአርች ደሞ ሲስተም ፎልደሩን እዛ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ስለዚህ ፋይሉን የምታስገቡበት ቦታ አይታያችሁም። አትታገሉ። ስልኩ ሚሞሪ ላይ፣ ከዳውንሎድ ፎልደር ጎን፣ የራሳችሁን ፎልደር ፍጠሩ፣ ፋይሎቹን እዛ አስቀምጡ፣ ከዛ ሬትሮአርች ውስጥ ሴቲንግስ፣ ዳይሬክተሪ፣ ሲስተም/ባዮስ የሚለውን ነክታችሁ ወደዛ ፎልደር ምሩት። የፋይል ፐርሚሽን ሲጠይቅም አላው በሉት፣ መጀመሪያ ቀን ዲናይ ብላችሁት ከሆነ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ አፑን ፈልጋችሁ አስተካክሉ።

አሁን ሁሉም ሰው የሚሳሳትባት ነገር፣ ይሄን ቀይራችሁ ስታበቁ አፑን ወደላይ ጠርጋችሁ አትዝጉት። ሬትሮአርች ሴቲንጉን ሴቭ የሚያደርገው በስርአቱ ስትወጡ ነው፣ ከሜኑው ኲት የሚለውን ተጫኑ፣ ወይም ሴቭ ከረንት ኮንፊገሬሽን። ጠርጋችሁ ከዘጋችሁት የቀየራችሁትን ረስቶ ይነሳል፣ ከዛ «ብነግረውም አይሰማም» ትላላችሁ።

ገብቶለት እንደሆነ ለማየት ጌም መክፈት አያስፈልግም። ኮሩን ሎድ አርጉና ኢንፎርሜሽን ከዛ ኮር ኢንፎርሜሽን ግቡ፣ ፈርምዌር ከሚለው ስር እያንዳንዱን ፋይል በስሙ ዘርዝሮ አለ ወይ የለም ይላችኋል፣ የግድ ይሁን አማራጭም ይነግራችኋል። ስም የተሳሳተም እዚህ ይታያል፣ እዛ የተጻፈውን ስም ከፋይላችሁ ስም ጋር ጎን ለጎን አርጋችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

የልጁ ጌም

ወደ ልጁ ልመለስ። አበራናት፣ የድሮ የፕሌይስቴሽን 1 ኳስ ነው የሚጫወተው፣ ታች ላይ ቢጫ ጽሁፍ ብልጭ አለ፣ በስልኬ ቀርጬ አቁሜ አነበብኩለት፦ የፕሌይስቴሽን ባዮስ አልተገኘም፣ ለተሻለ አሰራር ጨምሩበት ነው የሚለው። ይሄ ምክር ነው እንጂ ኤረር አይደለም፣ ያ ኮር የራሱ ምትክ አለው፣ እስከ ትናንት ያለ ባዮስ ሲጫወት ነበር እኮ። «ታድያ ለምን ጥቁር ሆነ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ።

ሚሞሪውን አውጥቼ በካርድ ሪደር ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ወዲያው ዊንዶውስ መስኮት በመስኮት ላይ ደረደረ፣ «ይሄን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ፣ ላድርገው?» እያለ፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ «እሺ በለው» ይለኛል እጁን ወደ ማውሱ እየሰደደ። ያዝኩት። እነዚህ የቻይና ጌም መጫወቻዎች በሊኑክስ ነው የሚሰሩት፣ ሲስተሙ ያለበትን የካርዱን ክፍል ዊንዶውስ ማንበብ ስለማይችል ባዶ ይመስለዋል፣ እሺ ካላችሁት እውነትም ባዶ ያደርገዋል። ሁሉንም ካንስል፣ ካንስል፣ ካንስል፣ ጌሞቹ ያሉበት ክፍል ብቻ ይከፈትላችኋል።

የኳሱን ፋይል ወደ ላፕቶፑ ኮፒ ማድረግ ጀመርኩ፣ 61 ፐርሰንት ላይ ቆመ፣ ደረቀ፣ ከዛ ሪድ ኤረር። እንደገና፣ ያው 61። ነገሩ ያኔ ገባኝ፣ የጎደለ ፋይል የለም፣ ካርዱ ራሱ እየሞተ ነው፣ ከእቃው ጋር የሚመጣው ስም የሌለው ሚሞሪ ነበር። ሌሎቹን ከመሞቱ በፊት ላውጣቸው ብዬ ሁሉንም ኮፒ ስል መብራት ሄደ፣ የኔ ላፕቶፕ ደሞ ባትሪው ሞቶ በገመድ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ዝጭ። ልጁ ጨለማ ውስጥ «ጋሼ የናንተም ጠፋ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ማታ ሦስት ሰአት ላይ ሲመለስ ጨረስነው፣ ከአርባ ስድስት ጌም አርባ አንዱ ተረፈ።

ከሱ የወጣው ምርመራ፦ አንድ ጌም ብቻ እምቢ ካለ የጌሙን ፋይል ጠርጥሩ፣ የአንድ ኮንሶል ጌሞች በሙሉ እምቢ ካሉ ባዮስ ነው ወይ ፎልደር ነው፣ ዛሬ የሚሰራው ነገ እየጠፋ ቦታው እየተቀያየረ ከሆነ ካርዱ ነው። አዲስ ሚሞሪ ስትገዙም 128 ጊጋ ብሎ የተጻፈበት ሁሉ 128 አይደለም፣ ትልቅ ፊልም ሙሉ እስኪል ኮፒ አርጉበትና መልሳችሁ ክፈቱት፣ የውሸቱ ካርድ ሲቀበል ዝም ይላል፣ ሲመልስ ነው የሚጋለጠው። ሁለት ካርድ የምትቀበል ጌም ከሆነች ደሞ ባዮስ የሚባል ፎልደር ሁለቱም ላይ ሊኖር ይችላል፣ የሚነበበው አንዱ ብቻ ነው፣ የትኛው እንደሆነ እዛው ሬትሮአርች ዳይሬክተሪ ውስጥ ሲስተም/ባዮስ የሚለው መንገድ ይነግራችኋል፣ ሌላኛው ላይ ብታስገቡ ለማንም አልሰጣችሁም።

ፋይሉ በእውነት ከሌለስ

ባዮስ የኔንቲንዶና የሶኒ ንብረት ነው፣ ኢሙሌተሮቹ አብረው የማይልኩት ለዛ ነው። ንጹሁ መንገድ ከራሳችሁ ኮንሶል ላይ መቅዳት ነው፣ ስሪዲኤስ ያለው ሰው ጎድሞድ9 በሚባለው መሳሪያ የራሱን ያወጣል፣ አዛሃርም ከእውነተኛ ስሪዲኤስ ጋር በዋይፋይ ተገናኝቶ ሲስተም ፋይሎቹን የሚያዘጋጅበት መንገድ አለው። ኮንሶሉ የሌለን ደሞ፣ አብዛኞቻችን ማለት ነው፣ ምትኩን ይዞ የሚመጣ ኢሙሌተር እንምረጥ፣ ከላይ እንዳልኩት ለጌምቦይ፣ ለዲኤስ፣ ለፒኤስፒ አለ። «ሙሉ የባዮስ ፓክ» እያሉ የሚለጥፉ ቻናሎች ውስጥ አትግቡ። ቢያንስ ይቺን አስታውሱ፣ ባዮስ በኤፒኬ አይመጣም፣ በኤክስኢም አይመጣም፣ ጫኑኝ የሚል ባዮስ ካያችሁ ባዮስ አይደለም። አንድ ጎረቤቴ ጭኖት ስልኩ ለአንድ ወር ሙሉ ማስታወቂያ ሲያዘንብበት ነበር።

ሰው ስትጠይቁ ደሞ «አልሰራም» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። የኢሙሌተሩን ስምና ቨርዥን፣ የኤረሩን ስክሪንሹት፣ ፋይሉ ያለበትን ፎልደርና የፋይሉን መጠን በባይት ላኩ፣ እነዚህን ሰብስባችሁ ሳትጨርሱ ግማሾቻችሁ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። አንዴ ከሰራላችሁ ፎልደሩን በሙሉ ዚፕ አርጋችሁ ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ የጌምቦይና የዲኤሱ ተደምሮ አንድ ሜጋ አይሞላም። ዚፕ አርጉት ያልኩት ውስጡ ያለው ስም እንዳይቀየር ነው። ልጁ ረቡዕ አዲስ ካርድ ገዝቶ መጣ፣ ኳሱ ይሰራል፣ ቢጫዋ ጽሁፍ አሁንም ብልጭ ትላለች፣ እሱም አሁን «ምክር ነው» እያለ ለጓደኞቹ ያስረዳል።